አረንጓዴዋ ሽቦ

ባለፈው ዓመት ነው፤ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ሊገቡ ሲሉ። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው፣ አንዲት የማላውቃት ልጅ ባትደርስልኝ ኖሮ፣ ለደግ ብዬ በጀመርኩት ሥራ ሰው ልገድል ስለነበር ነው። ልገድላት የነበረችው ደግሞ አልማዝ ናት።

አልማዝ እዚህ በስደት አገር፣ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ የቅመማ ቅመም ሱቅ አላት። ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል በርበሬና ሽሮ የምትፈጭበት ወፍጮ አለ። እኔ ሥራ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ልጄ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እግረ መንገዷን እዚያ ታወርደኛለች። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ነገር ግን ጉልበቴን የጨረስኩት ደብረ ሲና ወፍጮ ቤት ስለሆነ፣ የአልማዝን ወፍጮ የማየው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሱቁ ጢም ብሏል። ሰው ሁሉ ለጾሙ በርበሬውን ይዞ መጥቷል። አልማዝ ማብሪያውን ስትጫነው ሞተሩ እምምም አለ እንጂ አልዞረም። ደገመችው። አሁንም እምምም።

«ጋሽ ተካ፣ ሞተሩ እንደ እርስዎ ሆነ እኮ!» አለችኝ። «ማጉረምረም ነው እንጂ መነሳት የለም።»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ቶሎ አጥፊው አልኳት። እያጉረመረመ የቆመ ሞተር ውስጡ ይግላል፤ ትንሽ ከቆየ የተጠመጠመው ሽቦ ይነዳል። ሶኬቱን ነቀልኩና ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ቺንጋ በእጄ አዞርኩት። ያለ ችግር ዞረ። እንግዲህ ወፍጮውም አልነከሰም፣ የሚዞርበት ኩሽኔታም ደህና ነው ማለት ነው። ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው።

እኛ ወፍጮ ቤት የነበረው ሞተር በሦስት መስመር ነበር የሚሠራው። አንዱ መስመር ሲቋረጥ ልክ እንደዚህ ያጉረመርማል። ስለዚህ ብዙም አላሰብኩም፤ አንዱ መስመር ሄዷል አልኩ። ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ክዳን ከፈትኩ። ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሦስት ሽቦ አለ። ጥቁሩና ነጩ በቦታቸው ታስረዋል። አረንጓዴዋ ግን ከሞተሩ ገላ ጋር፣ ከብረቱ ላይ በብሎን ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች።

«ይኸው አገኘሁት!» አልኩ። «ሦስተኛውን መስመር ብረት ላይ አስረውት እንዴት ይዙር?»

እሷን ፈትቼ ከሌሎቹ አጠገብ ላስራት ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ።

«አባባ! እሷን አይፍቷት!»

ዞር አልኩ። ሻሽ ያሰረች፣ ወፍራም የሥራ ጫማ ያደረገች ልጅ ናት፤ የእናቷን በርበሬ በባልዲ ይዛ ተራ ትጠብቃለች።

«ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ሞተር የፈታሁት» አልኳት።

«እሱማ ልክ ነው አባባ» አለችና ባልዲውን አስቀመጠች። «እኔም ቱክዊላ ባለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ሞተር ፊክስ ነው የማደርገው። እስቲ አንዴ ቼክ ላድርገው? ቴስተሬ መኪና ውስጥ አለ።»

ስሟ ፈቲያ ነው። ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። ከሞተሩ ጀርባ ጉብ ያለውን ክዳን ስትከፍት፣ ከውስጡ ጣሳ የመሰለ ነገር ወጣ። ካፓሲተር ይሉታል። ጣቴን ልልክ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ አምቆ ይቆያል አባባ። መጀመሪያ ይውጣለት።»

ከቦርሳዋ ባወጣችው ዕቃ አስተነፈሰችው። ከዚያ አሳየችኝ፤ አናቱ እንደ ተነፋ ሊጥ አብጧል። ለካ ይኼ ሞተር እንደኛው አይደለም። የኛውን ሦስቱ መስመሮች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ያዞሩታል። ለዚህ ግን ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ወዲያና ወዲህ ይነቀንቀዋል እንጂ ብቻውን ከቆመበት ሊያስነሳው አይችልም። መነሻ ላይ ከጎን ገፋ የሚያደርግለት ያ ጣሳ ነው። እሱ ስለሞተ ነው ያጉረመረመው።

«አረንጓዴዋስ?» አልኳት።

ወደ ሰዉ ጀርባዋን ሰጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሷ ኃይል አታመጣም አባባ። ጠባቂ ናት። ይቺን ይዩልኝ።»

ጥቁሩ ሽቦ ከብረቱ ቀዳዳ ጋር ሲፋተግ ኖሮ ልብሱ ተልጧል። መዳቡ ይታያል። ብረቱን ሊነካ የቀረው የፀጉር ያህል ነው።

«ይኼ ቢነካ፣ አረንጓዴዋ ካለች ኤሌክትሪኩን እሷ ትወስድና ብሬከሩ ወዲያው መብራቱን ያቋርጣል። ከሌለች ወፍጮው እንደበራ ይቆያል፤ ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ብረቱን የነካ ሰው ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ አልማዝ ከማጠቢያው መጣች። እጇ ውሃ ያንጠባጥባል። እንደ ልማዷ መዳፏን ወፍጮው ላይ አስደግፋ ቆመች።

«ሶ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እጇን አየሁ። ከብረቱ ላይ አየሁት። ሶኬቱ እንደተነቀለ ባውቅም ዞሬ አረጋገጥኩ።

ፈቲያ ቀደመችኝ። «ካፓሲተሩ ነው እትዬ። አንድ የተላጠ ሽቦም አለ፤ እቀይረዋለሁ። ጋሼ ቶሎ ባያስጠፉሽ ሞተሩም ይቃጠል ነበር።»

ስለ አረንጓዴዋ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስታ ሄደች፤ ተመሳሳዩን ገዝታ መጣች። ሽቦውንም ቀየረች፤ መግቢያው ላይ ጎማ አደረገችበት። በመጨረሻ የብሎን መፍቻውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«አረንጓዴዋን እርስዎ ይሰሩልኝ አባባ። ጥብቅ ያርጉልኝ።»

አጠበቅኩ። ማብሪያውን ስንጫነው ወፍጮው ተነሳ። ሰዉ አጨበጨበ፤ በርበሬውም አስነጠሰው። የፈቲያ እናት በርበሬ ቀድሞ ይፈጭ ተባለና ተራ ለቀቁላት።

ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል አልቻልኩም፤ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት። «የኔ ልጅ፣ ዛሬ በእጄ ልትሞቺብኝ ነበር» አልኳት። እጆቿን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች። ሞያዬን ሁሉ ትታ ነገ አይምጡ ብትለኝ አልፈርድባትም ነበር።

«ታዲያ ጋሽ ተካ» አለች በመጨረሻ፣ «ነገ ጠዋት ይመጣሉ አይደል? ሽሮ አለብን።»

መጣሁ። አሁንም እመጣለሁ። ፈቲያም አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፤ «አባባ፣ ጠባቂዋ ደህና ናት?» ትለኛለች። ወፍጮው ከመነሳቱ በፊት ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን እከፍትና ያችን ብሎን በመፍቻ ነካ አደርጋለሁ። ሁልጊዜም ጥብቅ ናት። እንደዚያም ሆኖ ሳልነካት አልማዝን «አብሪ» ብዬ አላውቅም።