ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትነቃው ሞግዚት

ዛሬ ጠዋት በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ሳልፍ አንዷ ገውዝ ትወቅጥ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ ቆመ። ልጄ ሆዳን ሰፈር ውስጥ በሠራችው ቤት፣ ማቀዝቀዣ በተገጠመለት ክፍል መተኛት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ያ ሽታ ግን ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወደነበረችው የቆርቆሮ ክፍሌ መለሰኝ። አንተም በዚሁ ቀን መጥተህ “ሌሊት እየነቃሁ ተቸገርኩ” አልከኝ። እንግዲያው መድኃኒት ከመጠየቅህ በፊት ይህን ስማ።

መጀመሪያ ከማን ጋር እንደምታወራ እወቅ። እኔ ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ ያስተማረኝ ሰው የለም። ወደብ ላይ ጆንያ ቆጣሪ ሳለሁ ጆንያው ላይ ከታተመው፣ ሣጥኑ ላይ ከተለጠፈው፣ መድኃኒት ውስጥ ታጥፋ ከምትገባው ቀጭን ወረቀት እየለቀምኩ ነው የተማርኩት። ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነበረኝ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ሶማልኛና ዓረብኛን ደግሞ ከጫኝና አውራጆች ጋር እየተጨቃጨቅኩ ቀሰምኩ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ የሐኪም ወረቀት የሚያስነብብ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ በሬ ላይ ይሰለፍ ነበር። ብመካ አይፈረድብኝም።

የእንቅልፍን ነገር የጀመርኩት በራሴ ነው። የሌሊት ተራ ሠርቼ ስገባ እንቅልፍ ይጠፋብኝ ነበር። ሌላው ሰው ሙቀቱን ያማርራል፤ እኔ ግን ደብተር አወጣሁና የበላሁትን፣ የጠጣሁትን፣ የተኛሁበትን ሰዓት መጻፍ ያዝኩ። በሁለት ሳምንት ጥፋተኛው የወደቡ ወፍራም ሻይ መሆኑን ደረስኩበት። ተውኩት፣ ተኛሁ። ሐኪም ቤት አልሄድኩም፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

ሁለተኛው በሽተኛዬ ክፍል የሚጋራኝ ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የጭነት መኪና ያመላልሳል። ሞተሩ እየሠራ ጋቢና ውስጥ ካልተጋደመ በቀር እንቅልፍ የሚባል አይወስደውም፤ ፍራሽ ላይ ሲተኛ ዓይኑ እንደፈጠጠ ያነጋል። አሮጌ ቬንትላተር ለምኜ አመጣሁ፣ የቆርቆሮ ክዳን አሰርኩበትና ከራስጌው አስቀመጥኩት። እየተንቋቋ ዞረ። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠና፣ “ዶክተር፣ ይሄ እኮ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው፤ ሦስተኛ አስገባልኝ” አለኝ። ክዳኑን ጠበቅ አደረግኩት። ንግግሩን ሳይጨርስ አንኮራፋ። ያን ቀን የወጣልኝ ስም፣ ዶክተር የሚለው፣ እስከ ዛሬ አለ።

ሞግዚቷ ይህን ሰምታ ነው የመጣችው። አርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሠራተኞች የሚያርፉበት ቀን። በሰባት ወይ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነበር የምላት። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስና ሚስቱ ዘንድ ተቀጥራ ወንድ ልጃቸውን ከአርባ ቀኑ አንስታ ሁለት ዓመት ተኩል አሳድጋዋለች። የሰውየው ሥራ ሲያልቅ ቤተሰቡ አገሩ ገባ። እሷም አንድ ነጋዴ ቤት፣ ልጆቹ ያደጉበት ትልቅ ቤት ውስጥ፣ አዳሪ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ ድሬዳዋ ሆነው የሚጠብቁት የእሷን እጅ ነው።

ደረቴን ነፍቼ ደብተሬን ከፈትኩ። ፊቷ ከስቶ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

“ወንድሜ፣ ቀን ቀን ቆሜ እየተኛሁ ነው” አለችኝ። “ከትናንት ወዲያ የጌታዬን ነጭ ሸሚዝ በካውያ አቃጠልኩት። ማዳምም ‘ቡታጋዙ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለማን እየሰጠሽው ነው?’ ትለኛለች። እኔ ለማን እሰጣለሁ? እስከ ዒድ ካላስተካከልሽ ፓስፖርትሽን ይዘሽ ውጪ ብላኛለች።”

ዒድ ሊደርስ ከሁለት ወር ብዙም አይበልጥም ነበር።

“አይዞሽ፣ የመጣሽው ማን ዘንድ እንደሆነ አታውቂም” አልኳት።

ሻይ አስተውኳት። በሚቀጥለው አርብ መጣች፤ ለውጥ የለም። የግመል ወተት ሞቅ አድርጋ ገውዝ ነስንሳ እንድትጠጣ አዘዝኩ። መጣች፤ ለውጥ የለም። እግሯን ጨው በተሟሟበት ውሃ ነክራ፣ አንሶላ አርጥባ ጨምቃ ለብሳ እንድትተኛ፣ ራስጌዋን ወደ በሩ እንድታዞር ነገርኳት። ሹፌሩ ከጥጉ ሆኖ ይስቃል። “ወተት፣ ገውዝ፣ ጨው! ዶክተር፣ ሰው እያከምክ ነው ወይስ ወጥ እየሠራህ?” እሷም ከልቧ ሳቀች። የፊት ጥርሷ መሀል ክፍት እንዳለው ያየሁት ያኔ ነው።

በየአርቡ ግን አንድ ነገር ትነግረኝ ነበር። “ለመተኛቱማ እተኛለሁ። መንቃቱ ነው እንጂ።” በጆሮዬ ሰማሁት፣ ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። እኔ ብዙ አልሳሳትም፤ ያኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመተኛት ለማትቸገር ሴት ማስተኛ ስቀምም ከረምኩ። ሳስታውሰው አሁንም እናደዳለሁ።

በአራተኛው አርብ የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ሰጠኋት። ከአንድ መርከበኛ የገዛሁት፣ እጆቹ በጨለማ የሚያበሩ ሰዓት ነበር፤ ለማንም አውሼው አላውቅም። “በነቃሽ ቁጥር እዪና በእርሳስ ምልክት አድርጊ” አልኳት። ሳምንቱን ቆጥራ ወረቀቷን አመጣች። ሰባቱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዴ ትንሽ ጎደል፣ አንዴ ትንሽ አለፍ ይላል እንጂ ያው ዘጠኝ።

“ስትነቂ ምን ታደርጊያለሽ?”

“ምንም።”

“ዝም ብለሽ ትጋደሚያለሽ?”

እጆቿን አየች። “ውሃ አሞቃለሁ።”

“ለምን?”

“እንጃ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ነው መሰለኝ። ተነስቼ ቡታጋዙን እለኩሳለሁ፣ ውሃ በትንሿ ድስት እጥዳለሁ። ከዚያ ጡጦውን ፍለጋ መደርደሪያውን ስዳስስ… ያን ጊዜ እባንናለሁ። የት ቤት እንዳለሁ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።”

ሹፌሩ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ብርጭቆውን አስቀመጠና ወደ ውጭ ወጣ። ከግቢው የራዲዮ ድምፅና የእጣቢ ውሃ ሲደፋ ይሰማ ነበር። ቡታጋዙ የት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። ሌላም ነገር ገባኝ፤ ይህን ከየትኛውም የመድኃኒት ወረቀት ላይ አላነበብኩትም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ልጁ ጠግቦ እንደተኛ ለሰውነቷ የነገረው የለም።

ቤተሰቡ ሲሄድ አድራሻ ትቶላት ነበር። በመታወቂያዋ ላስቲክ ውስጥ አጥፋ ይዛዋለች፤ ጽሕፈት ስለማታውቅ እስከዚያ ቀን አልተጠቀመችበትም። እዚያው ተቀምጬ በፈረንሳይኛ ጻፍኩላት። ሰላምታ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ፤ ልጁ ሌሊት እንዴት ነው የሚተኛው? መልሱ በእኔ ስም፣ በመሥሪያ ቤቴ የፖስታ ሣጥን እንዲመጣ አደረግኩ።

ደብዳቤው መንገድ ላይ እያለ ረመዳን ገባ፣ እሱም አተረፈን። ጾመኛው ሁሉ ለሱሁር የሚነሳው ሊነጋጋ ሲል ነው። በዚያ ቤት ቀስቃሽ የማያስፈልጋት እሷ ብቻ ሆነች። ማዳም ስትነሳ ምግቡ ቀርቦ፣ ውሃው ሞቆ ይጠብቃታል። “ማዳም አመሰገነችኝ እኮ!” ብላ እየሳቀች መጣች። እኔ ግን ወሩ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ዒድ አለፈ ማለት ቤቱ ወደ እንቅልፉ፣ እሷም ወደ ድስቷ ተመለሱ ማለት ነው። ማዳምም ቀጠሮዋን አልረሳችም።

መልሱ የመጣው ዒድ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ረቡዕ ነው። የእጅ ጽሑፍ ነበር። የታተመ ፊደል ነው እንጂ የሴት እጅ የጣለውን ጥምዝምዝ አንብቤ አላውቅም፤ በመዝገበ ቃላቴ ሁለት ቀን ታግዬ ፈታሁት። ሐሙስ ማታ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

ልጁ አይተኛም። በዚያው ሰዓት ይነቃል፣ የአልጋውን አጥር ይዞ ይቆማል፣ የሞግዚቷን ስም ይጠራል። እናቱ ጡጦ ትሰጠዋለች፣ ይወረውረዋል። “ምን ታደርጊለት እንደነበር አናውቅም” ትላለች። ሐኪም ሽሮፕ አዞለታል።

ለሹፌሩ አነበብኩለት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። “እንዳለ ንገራት። የሰው ደብዳቤ አይነካካም።”

“ብነግራት ከዛሬ ጀምሮ በዘጠኝ ሰዓት መንቃቷ ቀርቶ ጭራሽ አትተኛም። ከቤቱም ትባረራለች።”

“አንተ ታውቃለህ” አለኝ፤ “ዶክተር” አላለኝም።

አርብ መጣች። ነጭ ሻሽ አስራ፣ ጫማዋን ቀብታ፣ ሠርግ የምትሄድ ትመስል ነበር። በሩን ክፍት ተውኩት፤ ፀሐዩ ወለሉ ላይ እስከ እግሯ ይደርስ ነበር። ወረቀቱን ዘረጋሁ፣ ሰላምታውን እንደተጻፈው አነበብኩ። ከዚያ፣ “ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል” ብዬ አነበብኩ።

“ሌሊቱን ሙሉ?”

“ሌሊቱን ሙሉ።”

“ለዘጠኙም አይነሳ?”

“አይነሳም።”

ትንፋሿን ለቀቀችው። ትከሻዋ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ይህን ጠብቄ ነበር። ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን አልተዘጋጀሁበትም።

“ስሜን… አይጠራም?”

ስሟ ጣቴ ያረፈበት መስመር ላይ ነበር። “እዚህ ላይ የለም” አልኳት።

“ልጅ አይደል” አለች። “ይረሳል። እንኳን ረሳ።” ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው ላይ ታች አየችውና አጥፋ ያዘችው።

ልትነሳ ስትል፣ “እትዬ፣ ለደብተሬ ነው፤ ያኔ ሲነቃ በምን ነበር መልሰሽ የምታስተኚው?” ብዬ ጠየቅኳት።

ትራሴን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። “ጡጦው አይደለም የሚያስተኛው። ከጠጣ በኋላ በሆዱ አስተኛዋለሁ። ከዚያ የግራ ጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዤ ቀስ አድርጌ አሸዋለሁ። የቀኙን ከነካህበት ያለቅሳል።” የትራሱን ጥግ ይዛ ስታሽ ብዙ ቆየች።

እሷ ስትወጣ ለእናትየው ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ ሙሉ፣ መዝገበ ቃላት ሳልነካ። ቅዳሜ ፖስታ ቤት አስገባሁት።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት አልነቃችም። ዒድ እስኪደርስ ለሱሁር ማዳም ራሷ እየጠራች ቀሰቀሰቻት፤ ዒድ ካለፈ በኋላ ደግሞ እስኪነጋ ተኛች። ቡታጋዙም ሰነበተ። በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ሠራች፣ ታናናሾቿን አስተማረች፣ በአሮጌው ባቡር አገሯ ገባች። ጣቢያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመስኮቱ ስናወራ የደብዳቤው ነገር አንዴ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መለስኩት።

አንተም ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ግባ። የነቃህበትን ሰዓትና ተነስተህ የምታደርገውን ጽፈህ አርብ ና። የሰው ልጅ ለምን እንደሚነቃ ለማወቅ ከእኔ የተሻለ ሰው በዚህ ከተማ አታገኝም። የሠራሁትን ቆጥሬ ልንገርህ።

ሦስት ዓመት ተምሬ አራት ቋንቋ ችያለሁ።

ሹፌሩን በአሮጌ ቬንትላተር አስተኝቻለሁ፤ ጡረታ ሲወጣ ቬንትላተሩን ይዞት ሄደ።

የሴት እጅ የጻፈውን ፈረንሳይኛ በሁለት ቀን ፈትቻለሁ።

ያልተጻፈ አንድ መስመር አንብቤ፣ የተጻፈ አንድ መስመር ዘልዬ ሞግዚቷን አስተኝቻለሁ። ከሥራዋም አልተባረረችም።

ባሕር ማዶ ላለ፣ ዓይቼው ለማላውቀው ልጅ ደግሞ መድኃኒት በፖስታ ልኬያለሁ። የግራ ጆሮ እንጂ የቀኝ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። መልስ አልመጣም፤ ይተኛ አይተኛ አላውቅም። ካስተኛኋቸው ሰዎች ጋር ግን ቆጥሬዋለሁ።