ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሸማኔ

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይሞትብኝ ሐዘንተኛ ሆንሁ። አዲሱን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወጥቼ ኖሯል። መስታወት ማየት ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ከተኳረፍን አሥር ዓመት ሳይሞላን አይቀርም። በር ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት አንገቷን ደፍታ «ጽንዓት ይሃብኩም ኣቦይ»፣ ጽናቱን ይስጥዎ አባባ፣ ስትለኝ ለእርጅናዬ የተመኘችልኝ መስሎኝ «አሜን፣ አሜን» ብያት አለፍሁ።

ወደ ዓይደር ሆስፒታል ለሐኪም ቀጠሮ የያዝኋት ባጃጅ ውስጥ ከቴፑ አንድ ወጣት በጊታር ብቻ እየታጀበ ይዘፍናል። ደስ እያለኝ ጉልበቴን መታ መታ ማድረግ ስጀምር ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ዘፈኑን ዘጋው።

«ምነው ዘጋኸው ልጄ?»

«ኣቦይ፣ ሐዘን ላይ ሆነው እንዴት ዘፈን ላሰማዎት?»

ያን ጊዜ ጥለቱ አገጬ ሥር መሆኑን አየሁ። አብረን ሳቅን፤ እሱ ዘፈኑን ከፈተ፤ እኔ እዚያው እየተንገጫገጭሁ ነጠላዬን ገለበጥሁ። ስገለብጠው ያልታጠበ ጥጥ ሽታ፣ ድር ለማጠንከር የሚቀባው የእህል ውኃ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዘፈኑና ሽታው በአንድ ጊዜ ሲመጡብኝ የወጣትነቴ ሸማኔ ከመሸመኛ ጉድጓዱ ቀና ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ።

ጣሊያን ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ሥራ የለኝም፤ ሐሳብ ግን ሞልቶኛል። ሠፈራችን መኪና ይጠግን የነበረ አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ጊታሩን ከአጎቴ ጋር በፍየል ተለዋወጠ። አጎቴ ዘፈን ወዶ አይደለም፤ ፍየሏ አስመርራው ነው። ጊታሩ እኔ እጅ ገባ። አስተማሪ የለ፤ እንደ ክራር ቃኘሁት። አንገቱ ላይ እንደ መሰላል የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ጌጥ መስለውኝ በየሳምንቱ በአመድ እወለውላቸው ነበር። አትሳቁ። በመቐለ የእኔን ያህል የሚያብለጨልጭ ጊታር አልነበረም።

መምታቱ በአንድ ክረምት ገባኝ። መዝፈኑንም ለብቻው እችላለሁ። ችግሩ ሁለቱን ማገናኘት ነበር። አፌን ስከፍት እጄ ይቆማል፤ እጄ ሲነሳ አፌ ይዘጋል። እንደተጣሉ ጎረቤታሞች አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ይህ ደግሞ ቀልድ አልነበረም፤ ታላቅ እህቴ በጥር ልትዳር ነውና። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ፊቴን አጥባ፣ ጥፋቴን ደብቃ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከቤት በምትወጣበት ሰዓት እየመታሁ ልዘፍንላት ቃል ገባሁ።

«እጅህ ብቻ እንዳይቆም» አለችኝ። «የባሌ ዘመዶች ሲስቁብህ ማየት አልችልም።»

በዚያ ዘመን ክር ከቤት ተፈትሎ ለሸማኔ ይሰጥ ነበር። ታዲያ የክሩ ባለቤት ሰው አያምንም፤ ከቤተሰቡ አንዱ ሥራው እስኪያልቅ ከሸማኔው አጠገብ ተቀምጦ ክሩን ይጠብቃል። እናቴ የሙሽራዋን ነጠላ ክር ዓመት ሙሉ ፈትላ ስትጨርስ ሥራ ፈቱን ልጇን ጠባቂ አድርጋ ላከችው።

«ዓይንህን ከክሩ ላይ እንዳታነሳ፣ ወደይ፣ ልጄ!»

ሸማኔው ከወሎ የመጣ እስላም ነበር። ሲሠራ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ የቀረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግሮቹ ከታች መርገጫዎቹን እያፈራረቁ ይረግጣሉ፤ ቀኝ እጁ መወርወሪያውን ይልካል፤ ግራው ይቀበላል፤ ወዲያው ማጉን ወደ ሆዱ ስቦ ይመታል። ጧፍ፣ ጧፍ። አፉ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ይመስል ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት በኋላ የአገሩን እንጉርጉሮ ያወጣል። ከጣራው ሥር በሚገባው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። ክር ከተበጠሰ ጣቶቹ ራሳቸው ፈልገው ይቋጥሩታል፤ ዜማው ግን አይነቃነቅም። አራት እጅና እግር፣ አንድ አፍ፣ ሁሉም የየራሱን ሥራ ይዞ! አፌን ከፍቼ አየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተመሰገኑ ሙዚቀኞች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሰው ግን ያስደነቀኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጊታሬን ይዤ መጣሁ። መታሁ፣ አፌን ከፈትሁ፣ እጄ ቆመ። ደግሜ ሞከርሁ፣ ቆመ። ሸማኔው ሥራውን ሳያቋርጥ ያዳምጣል።

«አንተ ልጅ፣ እጅህ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምታፈጥበት? የተላክኸው እኔን ልትጠብቅ ነው።»

«አያ፣ ካላየሁት ይቆማል።»

«የሚቆመው ስለምታየው ነው። ዘፈኑን ተወው። ምታና አውራኝ። ትናንት ማታ ምን በላህ?»

«ሽ…» አልሁና እጄ ቆመ።

«ሽ? ሽ የሚባል ወጥ እኛ አገር የለም» አለና ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። «ድገም።»

ሽሮ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በሩ ላይ አስቀመጠኝና ሰላምታ የሚያቀርብልኝን ሁሉ እጄን ሳላቆም እንድመልስ አዘዘኝ። የመቐለን ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ከሰውየው ጀምሮ እስከ ከብቱ ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። «ከመይ ሓዲርካ?» «ደሓን።» «ኣደኻ ከመይ ኣላ?» «ደሓን።» ጊታሩ ከሥር ይንቆረቆራል። አንዲት ባልቴት ሳልነሳ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳላይ «ደሓን፣ ደሓን» ስላልኋቸው ለእናቴ ሄደው «ልጅሽ ታሟል ወይስ ጠግቧል?» ብለው ከሰሱኝ። ሸማኔው ይህን ሲሰማ መወርወሪያው ከእጁ አመለጠ፤ በሳቅ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በገና ጾም መጨረሻ ላይ እየመታሁ ማውራት፣ እያወራሁ ማዜም ጀመርሁ። ከዜማዎቹ አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ የሚያንጎራጉረውን፣ ሰጠኝ። ግጥሙን እኔ ገጠምሁ፤ ዜማው በትግርኛ እሺ አልል ስላለኝ በአማርኛ ሆነ።

«አሁን ሰው ሆንህ» አለኝ። ሰው ለመሆን ያን ያህል የቀረብሁበት ጊዜ ከዚያ በኋላም ያለ አይመስለኝም።

ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው የጊታሩ ቀጭን ጅማት ተበጠሰ። ለበገና የሚሆን ጅማት ያላቸው አንድ መሪጌታ በሠፈሩ ነበሩ፤ ግን ለዘፈን ነው ብዬ በየት አፌ ልጠይቃቸው? ሸማኔው ለቀትር ሶላት ተነሳ፤ እንደ ልማዱ ቅርጫቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ክሩን አደራ» አለኝ።

አደራውን እንዴት እንደ ተወጣሁ ልንገራችሁ። ዘወር ከማለቱ ከቅርጫቱ አንድ እንዝርት የሚሞላ ክር መዘዝሁ። አራት እጥፍ ገመድሁት፣ በሰም አሸሁት፣ ወጠርሁት። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ይመስላል እንጂ ይናገራል።

ሸማኔው ተመልሶ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሲያወርድ ጊታሩን አየ። ከቡናማዎቹ ጅማቶች መካከል አንዷ ነጭ ሆና ትታያለች። ቅርጫቱንም አየ።

«እስቲ ምታው» አለኝ።

መታሁት።

«ልዝብ ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አላንጎራጎረም።

ነጠላው አልቆ እናቴና ሦስት ሴቶች ሊረከቡ መጡ። እናቴ በክንዷ ለካችው። ደግማ ለካችው። አንድ ስንዝር ጎደለ።

«አያ፣ ክሬ የት ገባ?»

ሸማኔው ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ኖሮ እናዘዝ ነበር፤ ይህን ለራሴ ሁልጊዜ እነግረዋለሁ፤ ራሴ ግን አያምነኝም። መናገር ጊታሩን ማጣት ነው፤ ጊታሩን ማጣት ለእህቴ የገባሁትን ቃል መብላት ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እመይቴ» አለ ሸማኔው። «ድሩን ስዘረጋ ልኩን ስቻለሁ።»

እናቴ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «እንኳን ልጄን አስቀመጥሁት! እሱ ባይጠብቅልኝ ግማሹም አይገኝም ነበር።» ጭንቅላቴን ዳበሰችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ እጅ አርፎብኝ አያውቅም።

የሠርጉ ዕለት እህቴን ወደ ባሏ አገር ወደ ኵሓ የምትወስዳት በቅሎ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። የሙሽራው ዘመዶች ከበውኛል። ሸማኔው ለእስላም እንግዶች በተጣለው ዳስ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ በሰው መሀል ሲመጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ረጅም ሰው ኖሯል። እጄን ለማየት አንገቴ ዞረ። ያን ጊዜ እግሩን አየሁ። በባዶ መሬት ላይ መርገጫዎቹን ይረግጥልኛል። ቀኝ፣ ግራ። ቀኝ፣ ግራ። አፌን ከፈትሁ።

ቤታችን ሰፊ ነው፣ ስንቱን ሰው ይችላል፤
አንቺ ስትወጪ ግን በምኑ ይሞላል?

እጄ አልቆመም። አንድም ጊዜ አልቆመም። እልልታው ሲቀልጥ እህቴ እንባዋ መጣና ፊቷን ለመሸፈን ነጠላዋን ሳበች። አልደረሰላትም። እንደገና ሳበችው። አልደረሰም። አንድ ስንዝር ነው የጎደለው፤ በዚያች ስንዝር ቦታ እንባዋ በሰው ሁሉ ፊት ወረደ። እኔም እየመታሁ፣ እየዘፈንሁ አየኋት።

ሕዝቡ ሲበተን ሸማኔውን በር ላይ አገኘሁት።

«አልቆመችም እጅህ» አለኝ ደስ ብሎት።

«አያ፣ ክሩ…»

«የምን ክር?» አለ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «አብሽር» ብሎኝ ሄደ።

በእሱ ስም የጎደለውን ክር ልመልስለት ፈልጌ ነበር። ግን ክር ያለው እናቴ ዘንድ ነው፤ ለምን ብትለኝ ምን ልላት ነው? ዛሬ ነገ ስል በዓመቱ ሸማኔው ወደ ወሎ ተመለሰ ተባለ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስሙ በተነሳ ቁጥር «እጁ ወርቅ ነበር፤ ክር ባይወድ» ትል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ሰማኋት። እየመታሁ ማውራት ያስተማረኝ ሰው ስሙ ሲጎድፍ፣ ጊታሩን አስቀምጬ፣ ሁለት እጄን ፈትቼ፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

ስለዚህ ያለብኝ ዕዳ ይኸው ነው፤ አንድ እንዝርት ክር፣ ለአንድ ከወሎ የመጣ ሸማኔ።