ካርቶኑ ሞተር አይደለም

በ2016 ዓ.ም. በጋ፣ አጎቴ ባረፉ በዓመታቸው፣ መካኒኳ ልጄ ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ የስፖርት መኪናቸውን ሞተር ቢቸና ላይ ፈታች። አዲስ ፒስተንና የፒስተን ቀለበት በካርቶን ከሞጣ አመጣች።

«እማ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ልክ ነው፤ እንግጠመው!»

አጎቴ ግን «ካርቶኑ ሞተር አይደለም» ይሉ ነበር። ቀለበቱን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ከተው የጫፎቹን ክፍተት ሳይለኩ አይገጥሙም ነበር።

«እንደ እሳቸው ለኪው» አልኳት።

ለካችው። የአንዱ ቀለበት ጫፎች ተነካክተዋል፤ ሲግል ተለጥጦ ሲሊንደሩን ይፍቀው ነበር።

«አባባ ዛሬም ተቆጡኝ!» ብላ አጎቴን እያስታወሰች ሳቀች። ጫፉን ሞርዳ ገጠመችው። ሞተሩ ገና ቁልፉ ሲዞር ተነሣ፤ እልል አልኩ። ተመስገን!

በማግስቱ ጠዋት ልጄ መኪናዋን ወደተቀበሩበት ደብር ቀስ ብላ ስትነዳ፣ እኔ በእግሬ ተከተልኳት። ሁለተኛው ወንበር የእሳቸው ነው።