የሻረው ቀኝ ጫማ

ሻረው መኪና ሲነዳ ቀኝ ጫማውን ያወልቃል። ባሌ ነውና ስለ እሱ ሳወራ ባማርር አትፍረዱብኝ። ዕድሜውን ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ፣ ከአዲ አርቃይ መልሶ ሽቅብ፣ በአይሱዙው ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ዳባት ሂዱ ደባርቅ፣ «ሻረው አንድ ጫማ» ካላችሁ ቤታችንን ያሳዩዋችኋል። ግራ ጫማው ተበሳስቶ ሲያልቅ ቀኙ ከሱቅ እንደ ወጣ ነው። እስቲ ግራ ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ፈልግ እያልሁ ስንት ዘመን ነዘነዝሁት።

«ሞተሩ የሚያወራኝ በእግሬ ነው ውቢት፤ ጫማ ካደረግሁ አልሰማውም» ይለኛል። ከኔ ይልቅ ሞተሩን ነበር የሚሰማው፣ እሱን እንኳ እተወዋለሁ።

የከዳው ያው እግር ነው። ስኳር ያዘውና መጀመሪያ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ኋላ ተረከዙም አብሮ ሄደ። አንድ ጠዋት እግሩን እንዲታጠብ ውሃ አቀረብሁለት። ለካ ውሃው ለእጅ የማይቻል ትኩስ ኖሯል፤ እሱ ግን ነክሮት ሬዲዮ ያዳምጣል። ቆዳው ተልጦ ሳይ ክው አልሁ። ሐኪም ቤት ወሰድሁት፤ ሐኪሙም አክሞ ሲጨርስ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ መንዳት ይቅርብዎት» አለው።

አይሱዙው ጊቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ። የሚገዛ መጣ፣ እንቢ አለ። ሾፌር ቅጠርበት አልነው፣ «ፍሬን ብቻ የሚያውቅ ሰው መኪናዬን ይዞ ሊማሊሞ አይወርድም» አለ። ጠዋት ጠዋት ሸራውን ገልጦ ሞተሩን ያስነሣል፣ ትንሽ ያዳምጣል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ያለብሰዋል። እኔ የቱን እንደምለምን ጠፋኝ። ከነዳ ገደል ይገባል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ዓይኔ እያየ ይመነምናል።

ከበራችን ማዶ እንግዳው የሚባል ጎረምሳ ጌም ቤት ከፍቷል። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ቢያጣ ከጎንደር ኮምፒውተር አመጣና እንደ እውነተኛ መኪና መሪ፣ ማርሽና ሦስት ፔዳል ገጠመለት። ወጣቱ እዚያ ተሰብስቦ በስክሪኑ ላይ መኪና ሲያሽቀዳድም ይውላል። ሻረው መጀመሪያ የሄደው ጩኸቱ አላስቀምጥ ብሎት ሊቆጣ ነበር። በር ላይ እንደ ደረሰ አንዱ ልጅ ሞተሩን ሲያስጮኸው ሰማና ቁጣውን ረስቶ፣ «ማርሽ ቀይርለት እንጂ፣ ገደልኸው እኮ» አለ። ሳቁና ወንበሩን ለቀቁለት። ተቀመጠ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀኝ ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ ወዲያ ውሎው እዚያ ሆነ። እንግዳው እንዳስረዳኝ፣ በጨዋታው ውስጥ የመኪናው ጠባይ እንደ ነጂው ይስተካከላል። እያንዳንዱ ማርሽ እስከ ስንት ፍጥነት እንደሚወስድ፣ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ሞተሩ ቶሎ ይቆጣ ወይስ ቀስ ብሎ ይነሣ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ በመስመር ተሥሎ ይታያል፤ መስመሩን ሲያጎብጡት መኪናውም ይለወጣል።

ሻረው መጀመሪያ የተጣላው ከማርሹ ጋር ነው። «ይኼ ሁለተኛ ማርሽ አይደለም፣ ሩጫ ነው» ይላል። «ሁለተኛ ማርሽ ማለት ቁልቁለት ላይ መኪናውን ከኋላ ሆኖ የሚይዝልህ ነው። አሳጥረው።» እንግዳው ያሳጥራል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ጨምር። ኧረ በዛ፣ መልስ። እሱ ጋ ተወው።» ከጨዋታው መንገዶች ውስጥ እንደ ሊማሊሞ የሚጠማዘዝ አንድ ተራራ መርጠው፣ ያንን የውድድር መኪና ጭነት እንደ ያዘ አይሱዙ እያቃሰተ እንዲወርድ አደረጉት። ልጆቹ «ጋሼ ሻረው በዚች መኪና ባቄላ ሊጭኑባት ነው» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ያን ቀን ቤት ገብቶ «ሁለተኛው ማርሽ ተገኘ» አለኝና እራቱን እንደ ሰው በላ። ደስ አለኝ፤ ዕቃ ሳጥብ ብቻዬን አለቀስሁ።

ማርሹ ተስተካከለ፣ እግሩ ግን ከየት ይምጣ። ነዳጅ መስጫውን ነካ ላድርግ ሲል እስከ ታች ይደፈጥጠዋል፤ ምን ያህል እንደ ረገጠ አያውቀውማ። መኪናው ይጮህና ኩርባው ላይ መንገዱን ስቶ ገደል ይገባል። በነጋ በጠባ ወደቀ። ቤት ይመጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

እንግዳው አንጀቱ አልቻለም። ለሻረው ሳይነግር የነዳጅ መስጫውን መስመር አጎበጠው። እግሩ ምንም ያህል ቢደፈጥጥ ሞተሩ ጥቂት ብቻ እንዲቀበል፣ ቢነሣም ዝግ ብሎ እንዲነሣ አደረገው። ይህን ያኔ እኔም አላወቅሁም፣ ኋላ ነው የሰማሁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰውየው ሲወድቅ ማየት ሰልችቶት ነው።

መኪናው እሺ አለው። ሻረው ምን ያስብ፣ እግሬ ዳነ አለ። «ነቅቷል ውቢት፣ ይሰማኛል» እያለ ጣቶቹን ያሳየኛል። ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳለ። ከባቄላ ነጋዴ ጋርም ጭነት ተነጋግሮ መጣ። «ቅዳሜ ያን ተራራ ከላይ እስከ ታች አንዴም ሳልወድቅ ከወረድሁ፣ ሰኞ አይሱዙውን ይዤ አዲ አርቃይ እወርዳለሁ። መጥተሽ በዓይንሽ እይ» አለኝ። ሐኪሙ ያለህስ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ። ጨዋታና ሊማሊሞ አንድ ነው ወይ ብዬ ጮህሁበት። እሱ ጫማውን እየጠረገ ያፏጫል።

ቅዳሜ ከገበያ መልስ አብሬው ገባሁ። ጌም ቤቱ ጢም ብሏል። ሻረው ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ተራራውን መውረድ ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ሲያምርበት። ኩርባው ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሳል፣ መሪውን እንደ ሕፃን ያቅፈዋል፣ ሞተሩ ያቃስታል ግን አይጮህም። ትዳር ስንይዝ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ የወረድሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ታች ሲደርስ ልጆቹ አጨበጨቡ። «ሰኞ» አለኝ ዞር ብሎ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

ጫማውን ላቀብለው ጎንበስ ስል ነው ፔዳሉን ያየሁት። ደም ነው። ፔዳሉም ወለሉም ደም። እጄን ጫማው ውስጥ ብከት ሚስማር ወጋኝ፤ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ረግጦት ኖሮ ሶሉን በስቶ ገብቷል። በሚስማር ላይ ተራምዶ መጥቶ፣ በተበሳ እግር ተራራ ወርዶ፣ ምንም አልተሰማውም።

ሻረው ፔዳሉን አየ፣ እግሩን አየ። ጥርሱ ተከደነ። «እንግዳው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኼ እግር ሚስማር ካልሰማ፣ እንዴት አድርጌ ወረድሁ?»

እንግዳው አንገቱን ደፋ። «ነዳጅ መስጫውን አለስልሼልዎት ነው ጋሼ። ቢደፈጥጡትም እንዳይቆጣ አድርጌዋለሁ። ሲያዝኑ ማየት አቅቶኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «እንደ ነበረ መልሰው» አለው። ሻሼን አውልቄ እግሩን አሰርሁለት፤ በቃ ቤታችን እንሂድ ብዬ ለመንሁት። አልሰማኝም፣ መሪውን ያዘ። እንግዳው መስመሩን መለሰው። ሻረው መኪናውን አስነሣ፣ የመጀመሪያውን ኩርባ እንደ ምንም አለፈው። ሁለተኛው ላይ ሞተሩ አገሳ፣ መኪናው መንገዱን ለቀቀ፣ ስክሪኑ ላይ ሰማይና ገደል ተገለባበጡ። የሚስቅ አልነበረም። እሱ እጁን ከመሪው አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ባቄላው ላይ ሰው ይሳፈራል ውቢት» አለኝ። «ሁልጊዜ ሰው ይሳፈራል።»

እሑድ ጎረቤታችንን ቻላቸውን አስጠራው። ቻላቸውም ሾፌር ነው፣ በዳባት መስመር የሚሠራ ጨዋ ሰው። ሻረው የአይሱዙውን ቁልፍ እጁ ላይ አኖረለትና ሊማሊሞን ኩርባ በኩርባ ነገረው፤ የት ማርሽ እንደሚቀንስ፣ የት ፍሬን ማመን እንደሌለበት፣ ድንጋይ የሚንሸራተተው የት እንደሆነ። ቻላቸው ጎንበስ ብሎ ይሰማል፣ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ድምፁ አንዴም አልተሰበረም።

ሰኞ ጠዋት ሸራው ወረደ፣ ባቄላው ተጫነ፣ ጭነቱ ላይ ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ ተሳፈሩ። ሻረው በር ላይ የእንጨት መቀመጫ ዱካ አወጣና ተቀመጠ። ሁለቱንም ጫማ አድርጓል። አይሱዙው ከከተማው ወጥቶ ወደ ገደሉ ሲያቀና ድምፁ ከቤታችን ይሰማል። እየሰማ «አሁን ይቀንሳል» አለ፤ ቻላቸውም ቀነሰ። «ጎሽ» አለ።

እኔ ድምፁን አልነበረም የማዳምጠው፣ እግሩን ነበር የማየው። ሞተሩ ከፍ ሲል ቀኝ ጫማው መሬቱን ጫን ያደርጋል፣ ዝቅ ሲል ለቀቅ ያደርጋል፤ አቧራው ላይ ጉድጓድ አበጅቷል። እሱ አያውቅም። አልነገርሁትም፤ ድምፁ እስኪጠፋ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁት።