የቅርንፉድ ሻጯ እጆች

ከገበያው በር ፊት ለፊት ቅርንፉድና የቅርንፉድ ዘይት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ ያኔ ወጣት ነበርኩና ሰው ሁሉ ነገም እዚያው የሚገኝ ይመስለኝ ነበር። የወንድ ኮት ትለብሳለች፤ እጅጌው እስከ ክርኗ ይታጠፋል። ጣቶቿ ቅርንፉድ ሲለቅሙ ኖረው ጠቁረዋል። ጥርሱን ያመመው ሲመጣ፣ «አንዲት ጠብታ በጥጥ፣ እሱም ለዛሬ ማደሪያ ነው። ነገ ሐኪም ጋ ሂድ!» ብላ ትቆጣዋለች።

አንድ ቀን ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ድዷ አብጦ ሦስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ ነበር።

«ዘይቱን ስጪኝ እቴ፣ የዚችን ድድ ልቀባበት።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት።»

ጠርሙሱን ከደነችና ኮቷ ኪስ ከተተችው። «ለሕፃን አልሸጥም። ከዋጠችው መርዝ ነው።»

«እኔንስ እናቴ ቀብታኝ የለ?»

«ተርፈሻላ! እሰይ። ሁሉ ግን አይተርፍም።»

ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ ሳቀ። «አንቺን ደግሞ ማን ሐኪም አደረገሽ? ሸጠሽ ብዪ!»

«ጦሜን አድራለሁ» አለችው፣ ቀና ብላ እያየችው። ወደ እኔ ዞራም፣ «ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ስጪያት፤ እሱን ትንከስ» አለችኝ።

ተናድጄ ልሄድ ስዞር ልጄ ከጀርባዬ ላይ እጇን ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ልትቀበላት ብድግ አለች፤ ወዲያው ግን ሁለቱንም እጆቿን ኮቷ ውስጥ ደበቀች።

«አይሆንም የኔ እናት» አለቻት፣ ድምጿ ሰልሎ፤ «እጄ ዘይት ነው።»

ቤቴ ገብቼ ጨርቅ ነከርኩ።