ድልማ የማን ናት?

ንጋት፣ ቡሬ

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ሹፌሩ ዓለሙ ድልማ ገብቶ በቆሎ ይጭናል፤ በፍኖተ ሰላም አልፎ ደብረ ማርቆስ ያድራል። እኔ የእናቴን የትውልድ መንደር ድልማን አይቼ ፍኖተ ሰላም ልወርድ ነው። በንጉሡ ዘመን ድልማ ምክትል ወረዳ እንደነበረች፣ ዳኛና ፖሊስ እንደነበራት እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

«አሁንስ በየትኛው ወረዳ ነች?» አልሁት።

«ኧረ እኔም የምሰማው ሁለት ዓይነት ነው!»

ረፋድ፣ ድልማ

ጭቃ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮው የዛገ ቤት። የጥንቱ ችሎት ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ነው። ደጁ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ደስታ፣ ታሪኩን ነገሩኝ፦ አብዮቱ ሲመጣ ምክትል ወረዳው ፈረሰ፤ ከወንዙ ወዲህ ለቡሬ፣ ወዲያ ለፍኖተ ሰላም ተሰጠ።

«ዳኛውም ሄደ፣ ፖሊሱም ሄደ። ገበያው ወንዙ ዳር ነው፤ እሱ ለማን እንደደረሰ ግን እስከ ዛሬ አላወቅነውም፣ ልጄ።»

ሳቅሁ። አጠገባቸው የቆሙት ወይዘሮ ጥሩዬ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ይበልጣል እዚያው ገበያ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሷል። ቡሬ ቢጠይቁ «የወሰዱት የፍኖተ ሰላም ሰዎች ናቸው» ተባሉ፤ ፍኖተ ሰላም ቢሄዱ «ቡሬ ጠይቂ»።

«እስቲ አንተ የተማርህ ነህ፤ እኔ የየት ሰው ነኝ? ቤቴ ከወንዙ ወዲህ፣ ማሳዬ ወዲያ።»

«ፍኖተ ሰላም ከእኛ ጋር ይምጡ» አልኋቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም

የታፈሱት ልጆች በተሰበሰቡበት፣ በእሾህ በታጠረው ግቢ ደጅ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈዋል። ወይዘሮ ጥሩዬ ልጃቸውን ሲጠይቁት ዘቡ «የየት ወረዳ ልጅ ነው?» አላቸው።

«የድልማ፣ ጌታዬ።»

«ድልማ የሚባል ወረዳ የለም።»

መከራከሩን ትተው ወደ አጥሩ ተጠጉና «ይበልጣል!» ብለው ተጣሩ። ከብዙ አቅጣጫ «አቤት!» መጣ። ከሁሉም ኋላ አንዱ «እማዬ!» አለ። በእሾሁ መሀል ያሾለካቸውን ጣቶች ይዘው ቆሙ። ፊሽካ ተነፋ፤ ልጆቹ ተጫኑ፤ መኪናዎቹ ወደ ደብረ ማርቆስ ወጡ።

ዓለሙ የጋቢናውን በር ከፈተ። «ይግቡ፣ እናቴ። እኛም ወደዚያው ነን።»

«እዚያስ የየት ነሽ ሲሉኝ ምን ልበል?» አሉኝ።

«የይበልጣል እናት ነኝ ይበሉ።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና ገቡ። እኔ ፍኖተ ሰላም ልቀር ነበር። መኪናው ሲነሣ ግን ከኋላ በቆሎው ላይ ተንጠልጥያለሁ።