ሰማያዊው ወረቀት በፊንባር ሱቅ

እስቲ ቀና በሉና ከባንኮኒው በላይ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ። በአንድ በኩል ዋንጫ ያነሳው የሐርሊንግ፣ የአገሬው የዱላ ኳስ፣ ቡድን ፎቶ አለ፤ በሌላው በኩል የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ሥዕል ከነቀይ መብራቱ። መሐላቸው፣ በመስታወት ውስጥ፣ አንድ ሰማያዊ ወረቀት ተሰቅሏል። ጥጉ ላይ የአይስክሬም እድፍ አለበት። ሽቦና የከብት መኖ ሊገዛ የገባ እንግዳ ሁሉ ዲፕሎማ እየመሰለው አንገቱን ያሰግጋል። ዲፕሎማ አይደለም። የሒሳብ ፈተና ጥያቄ ነው፤ ያውም የቀላሉ።

«ያውም የቀላሉ» ሲባል ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ ካላችሁ፣ ይህ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ቁጭ በሉ።

የባለሱቁ የፊንባር ልጅ ሶርቻ ያን ጊዜ አስራ ስምንት ዓመቷ ነበር። የሚኖሩት ባሊናክራ በምትባል፣ መንገዷ ሳይጀመር በሚያልቅ የኮርክ አውራጃ የገጠር ከተማ ነው። እዚያ ምስጢር አያድርም፤ የፈተና ምስጢርማ ጨርሶ። በሰኔው የመልቀቂያ ፈተና ከባዱ ሒሳብ፣ በወጉ «ከፍተኛ» የሚባለው፣ በሮዝ ወረቀት፣ ቀላሉ፣ «መደበኛው»፣ በሰማያዊ ይታተማል። ተፈታኙ ጥያቄውን በብብቱ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ መንደሩ ለመፍረድ ውጤት እስኪመጣ ነሐሴን መጠበቅ አያስፈልገውም። የልጁን ብብት አይቶ ይፈርዳል።

በዚያ ላይ ምርቃት አለ። ከባዱን ላለፈ ሰው ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሃያ አምስት ነጥብ ይጨመርለታል። ጥሩ ነገር ነው ትላላችሁ። የድንች ነጋዴ እንኳ ምርቃት የሚጨምረው ድንች ለሚበላ ሰው ነው! እዚህ ግን የሚወደውም የማይወደውም፣ የሚችለውም የማይችለውም፣ ሁሉም ለምርቃቷ ሲል ተጋፍቶ ይገባል። ከገባ በኋላ ደግሞ መውጣቱ ነውር ነው።

ሶርቻ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። አያቷ ናን ጆሲ እግሯ ላይ የማይድን ቁስል ከወጣባት ጀምሮ ፋሻ የምትቀይርላት እሷ ነበረች፤ ሌላ ሰው ሲነካት ናን ትጮኻለች። ነርስ ለመሆን ሒሳብ ማለፍ ግድ ነው። ቀለሙን ማንም አይጠይቅም፤ ብቻ ማለፍ። ከባዱን ወስዶ የወደቀ ግን፣ ሌላው ትምህርት ሁሉ ቢያምርለት በሩ ይዘጋበታል።

ፊንባር ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ አፉ ነው። ከዘር ማንዘሩ ከባዱን ሒሳብ የሞከረ ስላልነበረ፣ ልጁ ገና ስትመዘገብ በከብት ጨረታው ላይ ቆሞ ለገዢውም ለሻጩም አወጀ። ከዚያ ወዲህ ሶርቻን «ደህና ነሽ?» የሚላት ጠፋ። ዳቦ ልትገዛ ስትገባ «ከባዱ እንዴት ይዞሻል?» ከቅዳሴ ስትወጣ «ከባዱስ?» ፖስተኛው ሳይቀር መኪናውን አቁሞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ከባዱ!» ብሎ ጡጫውን ያሳያታል።

በየካቲቱ ሞዴል ፈተና ከባዱን ወደቀች። ለጥቂት አይደለም፤ ተንኮታኩታ ነው የወደቀችው። ከዚያ በኋላ ምሽቷን ሁሉ ሒሳቡ በላው። እንደ ልብ ወለድ ታነበው የነበረው የባዮሎጂ መጽሐፍ የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ ሆነ። ጨዋታ ቀረ፤ ሳቅም ቀረ።

መምህሯን ሚስተር ኮፒንገርን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ቲቸር፣ ወደ ቀላሉ ልውረድ እንዴ?»

«ውረጂ ብልሽ አባትሽ ይበላኛል። አትውረጂ እንዳልልሽ ደግሞ ሞዴልሽን ያረምኩት እኔ ነኝ።» ግራና ቀኝ አየ። «ፈታኟ ወረቀቱን እስክታድል ድረስ መብቱ ያንቺ ነው። ያኔ አፍሽ ያመጣልሽን ተናገሪ።»

ይህ ምክር ነው? ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ስንት ተማሪ ከባዱን እንደወሰደ በሩ ላይ ይለጥፋል። ስንቱ እያለቀሰ እንደወሰደው ግን አይለጥፍም።

በፈተናው ሳምንት መጀመሪያ እራት ላይ ነገሩን አነሳችው።

«ቀላሉን ልወስድ አስቤያለሁ።»

ፊንባር ሹካውን አስቀመጠ። «ማነው እዚህ ቤት የቀላሉን ስም የጠራው?»

«እኔ።»

«በጨረታው ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«ጨረታው ምን አገባው? ጊደር አይደለሁ አባዬ!»

ምድጃው ጋ የቆመችው እናቷ ብሪድ ፊቷን በፎጣ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይርገፈገፍ ነበር። ፊንባርም ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ እንደምንም ዋጠው።

«ሃያ አምስት ነጥብ እኮ ነው ልጄ።»

«ካለፍኩ።»

«ታልፊያለሽ።»

«በምን አወቅህ?»

ፊንባር ድንቹን ወጋ ወጋ አደረገ። ብሪድ «ተዋት እስቲ፣ ትብላ» አለችና ነገሩ በዚያው ሳይቋጭ ተነሡ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ከሰዓት ሶርቻ የናንን ፋሻ ልትቀይር ጓዳ ገባች። ናን ለቅዱስ ዮሴፍ ዘኩፐርቲኖ ሻማ አብርታ ነበር። እሱ ራሱ ትምህርት የማይገባው የነበረ፣ በዚያ አገር የተፈታኞች ጠበቃ የሚባል ቅዱስ ነው።

«ናን፣ ሻማው ለከባዱ ነው የበራው?»

«ስለ ቀለም አልተነጋገርንም። ሶርቻን አደራ ነው ያልኩት።»

«አባዬ ግን አገር ምድሩን...»

«አባትሽ ሲወለድም እየጮኸ ነው የወጣው። ዋይ! አንቺ ልጅ፣ እግሬን!»

«ምን ሆንሽ?»

«አጠበቅሽው። ከየካቲት ጀምሮ ሐሳብሽ ሌላ ቦታ ነው፤ እግሬ ነው የሚከፍለው። ፈትተሽ እሰሪው።»

ሶርቻ ፈታችው። ፋሻው እግሩ ላይ ቀይ ሰንበር ጥሎ ነበር። ሰንበሩን አይታ አንገቷን ደፋች።

በማግስቱ ዓርብ፣ ፀሐይ እንደ ልማዷ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ሲያወርድ የኖረ ሰማይ ልጆች አዳራሽ ሲዘጋባቸው ብቻ ነው የሚጠራው፤ ይህም አንዱ ግፍ ነው። ፈታኟ ከሌላ አውራጃ የመጣች መነጽራም ሴት ነበረች። ሁለቱን የወረቀት ክምር በክንዷ አቅፋ በየጠረጴዛው ታልፋለች። «ከፍተኛ ወይስ መደበኛ?»

ፊት ለፊት የተቀመጠችው ጓደኛዋ ኢመር ቺፕስ እንደሚያዝ ሰው «ከፍተኛ!» አለች። ኢመር ሒሳብ ገላዋን እየታጠበችም የምትሠራ ልጅ ናት፤ ሮዙ ለሷ ተፈጠረ። ከጎኗ ያለው ልጅ «መደበኛ» ያለው ለንስሐ እንደገባ ሰው በሹክሹክታ ነው።

ፈታኟ ሶርቻ ዘንድ ደረሰች። ጨረታው በሙሉ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ፖስተኛው ከነጡጫው ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰበሰቡ። «ከፍ...» ልትል ከንፈሯ ተከፈተ። ያኔ ጠረጴዛው ሥር ጣቷን አየች። የሹራቧን ማሰሪያ ሳታውቀው ጣቷ ላይ ስትጠመጥመው ኖሮ፣ አጥብቃው አጥብቃው ጣቷ ነጭ ሆኗል። የናን እግር ታወሳት። ፈታችው። ደሙ ሲመለስ ሞቃት።

«መደበኛ።»

«አልሰማሁሽም የኔ ልጅ።»

«ሰማያዊውን ይስጡኝ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ኢመርም ዞረችና ጠቀሰቻት። ሶርቻ ወረቀቱን ገልብጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች፤ አወቀችው። ሁለተኛውን አነበበች፤ እሱም የሷ ነው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሳቋ አመለጣት።

«ምንድነው የሚያስቅሽ?» አለች ፈታኟ።

«አውቀዋለሁ!»

«እወቂው፤ አፍሽን ዘግተሽ እወቂው።»

ሲወጡ ሮዝ የያዙት ወረቀታቸውን እንደ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ሰማያዊ የያዙት እጅጌያቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ሸሚዛቸው ሥር ይሸጉጣሉ። ተመልከቱልኝ! የተሰረቀ ዕቃ ይመስል! በዚያ ዕድሜ የገዛ ሥራን መደበቅ ማን አስተማራቸው? እኛ። በጨረታው፣ በዳቦ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመን፣ በደግ ጥያቄያችን።

ሶርቻ ግን ሞቋት ነበርና ወረቀቱን ዘርግታ ፊቷን ታራግብበት ጀመር። ኢመር አይስክሬም ገዛችላትና ሁለቱም እየላሱ፣ አንዷ በሮዝ አንዷ በሰማያዊ እያራገቡ፣ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ወረዱ። ፖስተኛው ጡጫውን ሊያነሳ ብሎ ቀለሙን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሶርቻ በአይስክሬሟ ሰላምታ ሰጠችው።

ሱቁ ውስጥ ፊንባር ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ናን እግሯን የመኖ ከረጢት ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። የሰፈሩ ነገረኛ ዶኒ ሂኪ ደግሞ አንድ ቡሎን ሊገዛ መጥቶ ከምሳ ጀምሮ እዚያው ነው። መጀመሪያ ያያት እሱ ነው።

«ፊንባር፣ ሮዙን ፀሐይ መታው እንዴ? ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ።»

የፊንባር አንገት ቀላ፤ ከዚያ ጆሮው። ሶርቻ ወደ ኋላ ልትመለስ አንድ እግሯን አነሳች፤ መልሳ ተከለችው።

«ፀሐይ አልመታውም ዶኒ። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ሁሉንም ሠራሁት። አባዬ፣ ሁሉንም እኮ ነው!» ደግሞ ያ ሳቅ መጣባት። አይስክሬሙ እስከ ክርኗ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ፊንባር ወረቀቱን ሳይሆን ፊቷን ነበር የሚያየው።

«ከየካቲት ወዲህ ስትስቂ አላየሁሽም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲህ ሰኞ በጨረታው ምን ልትል ነው?» አለ ዶኒ።

ፊንባር ወረቀቱን ከልጁ እጅ ወሰደና ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። «እሱን በኋላ። አሁን ይቺን አንዷን ጥያቄ ሥራልኝ። ቀላል ናት አሉ።»

ዶኒ መነጽሩን አወጣ። ወለወለ። አየ። ደግሞ ወለወለ። «ይሄ የንባብ መነጽሬ አይደለም።»

«ከየት ይምጣ የንባቡ!» ብላ ናን ከረጢቱ ላይ እግሯ እስኪዘል ሳቀች። ፊንባርም ሲውጠው የሰነበተውን ሳቅ በአንዴ ለቀቀው። ባንኮኒውን እየደበደበ፣ እንባውን እየጠረገ፣ «ንገራቸው በቃ! ልጄ ሰማያዊውን ጠራርጋ ሠራችው በል! ዋጋ የሚጠራ ካለ ይጥራ፤ አይሸጥም!» አለ።

«ከሳቃችሁ በኋላ» አለች ናን፣ «ይሄ ፋሻ ላልቷል።»

ሶርቻ እጇን ታጠበችና ተንበርክካ አሰረችላት። ናን እግሯን ዘረጋ፣ አጠፍ አደረገችው።

«ዛሬ አልጠበቀም» አለች።

ነሐሴ ላይ ውጤቱ መጣ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ከሒሳቡ የተረፈው ጊዜ ኋላ የመጣውን የባዮሎጂ ፈተና አድኖት ነበርና ያለ ምርቃቱም ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዛሬ ነርስ ሶርቻ ናት። በየመንደሩ እየዞረች የሽማግሌ እግር ታስራለች፤ የሰው ክብደትና የመድኃኒት መጠን በዚያው በሰማያዊው ሒሳብ ታሰላለች፤ አንድም ቀን ቀላል ነው ብላ አቃልላው አታውቅም። ዶኒም እግሩ ታሞ ከእጇ ገብቷል። በሄደች ቁጥር «ሮዝ ፋሻ የለሽም?» ይላታል፤ እሷም «ለነገረኛ አይታዘዝም» ትለዋለች። ኢመር ድልድይ ትሠራለች፤ እግዚአብሔር ይባርካት፣ ድልድዩም ይቁም። ከባዱ ለሚወደው ከባድ አይደለም፤ ማንም ይጥፋ አላለም።

እናንተ ግን፣ በሚመጣው ሰኔ ከፈተና የወጣ ልጅ መንገድ ላይ ስታገኙ፣ እባካችሁ ብብቱን ተዉት። ፊቱን እዩት። ምሳ በልቶ እንደሆነም ጠይቁት።